የፊጂው አምበል ኦሲያ ኮሊኒሳው

ተማሪዎች ሆይ፤ ባለ ሰባት ብር ኖት አይታችሁ ታውቃላችሁን? አላያችሁም፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ማሳተም በአገሮች ዘንድ የተለመደ አይደለምና። የፊጂ ማዕከላዊ ባንክ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ ሰባት ዶላር ኖት አወጣ። በፊቱ ላይ የሚታየው ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። እርሱም የአገሪቱ የራግቢ ቡድን አምበል የነበረው ኦሲያ ኮሊኒሳው ነው።

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ ከ300 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ የሕዝቧ ብዛት ግን አንድ ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 በሜልቦርን ነው፤ ኢትዮጵያም የጀመረችው በዚያው ዓመትና በዚያው ከተማ እንደ ነበር አስታውሱ። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በኋላ በሮም ወርቅ ሲያመጣ፣ ፊጂ ግን አንድም ሜዳይ ሳታገኝ 60 ዓመት ጠበቀች።

የኮሊኒሳውን ሥራ ለመረዳት ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል። የራግቢ ኳስ ቅርጹ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ ለጓደኛው በእጁ ሲያቀብል ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድለትም። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር አሻግሮ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ይህ ትራይ ይባላል፤ ቃሉ መሞከር ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ ሕግ ድርጊቱ ራሱ ነጥብ ሳያስገኝ ግብ ለመምታት የመሞከር መብት ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር የወጣለት ስም ነው። ዛሬ ከትራይ በኋላ የሚመታው ኳስ ከገባ 2 ነጥብ ይጨመራል። በተለመደው ራግቢ በየወገኑ 15 ሰዎች ሲሰለፉ፣ በአጭሩ ጨዋታ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ጊዜውም ሁለት ጊዜ ሰባት ደቂቃ ነው። ሜዳው ግን አልጠበበም! ስለዚህ ፍጥነትና ትንፋሽ የሌለው ሰው አይችለውም።

በየካቲት 2016 ዊንስተን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፊጂን መታ። 44 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ መንደሮችም ፈረሱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ኦሊምፒክ ሲከፈት የፊጂን ሰንደቅ ዓላማ የተሸከመው ኮሊኒሳው ነበር። ከጓደኞቹ መካከል በሆቴልና በእስር ቤት ጥበቃ ሲሠሩ የኖሩ ይገኙ ነበር። ቡድኑ አሜሪካን 24 ለ19፣ ኒውዚላንድንም 12 ለ7 አሸነፈ፤ ሁለቱንም በአምስት ነጥብ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በፍጻሜው ግን ታላቋን ብሪታንያ 43 ለ7 ረታ። የፊጂ አሠልጣኝ ቤን ራያን ራሱ እንግሊዛዊ ነበር። 43ቱ ነጥብ በስንት ትራይና በስንት ተጨማሪ ምት እንደ ተገኘ እናንተው አስሉት።

ሜዳዩ በሚሰጥበት ጊዜ ተጫዋቾቹ በአገራቸው የአክብሮት ልማድ ተንበርክከው ተቀበሉ። ገንዘቡ ሰባት ዶላር የሆነውም በሜዳ የሚሰለፉት ሰባት ስለ ሆኑ ነው።

ኮሊኒሳው ከዚህ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አሜሪካ በ1920 እና በ1924 የኦሊምፒክ ራግቢ አሸናፊ ነበረች፤ ሆኖም ጨዋታው ከዚያ በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቶ እስከ 2016 ሳይመለስ ቆየ፤ በአገሪቱም ከሌሎች ስፖርቶች በታች ሆኖ ኖረ። በ2018 አዲስ የባለሙያዎች ሊግ ውድድሩን ሲጀምር ኮሊኒሳው በሂውስተን ከተማ ለሳበርካትስ ተሰለፈ። በዚያ የሚጫወቱት 15 ለ15 ስለ ነበር፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜው ለሌላ ዐይነት አጨዋወት መዘጋጀት ነበረበት።

ፊጂ በቶኪዮ ወርቁን ደገመች፤ በ2024 በፓሪስ ግን በፍጻሜው በፈረንሳይ ተሸንፋ ብር አገኘች። በዚያው ዓመት አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን እንዲረከብ የተሾመው የቀድሞው አምበል ኮሊኒሳው ነው።