ትራይተን፦ የሁለት ፋብሪካ ልጅ

ከእንግሊዝ የሞተር ብስክሌት ጠቢባን ግብረ እድ ሁሉ፣ ለእኔ የኖርተን ፋብሪካ ሻሲና የትራያምፍ ፋብሪካ ሞተር ጥምር የሆነውን ትራይተንን የሚያህል የለም። የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውና ኖርተን በ1950 እ.ኤ.አ. ለውድድር ያሰለፈው፣ ለምቾቱም «የላባ ፍራሽ» የተባለው የቧንቧ ሻሲ፣ በመታጠፊያ ላይ በመጽናት አቻ ያልተገኘለት ሆኖ ሳለ፣ ኖርተን ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም ስላለ፣ የ500 ሲሲ የውድድር መኪና ሠሪዎች ሙሉውን ሞተር ብስክሌት እየገዙ ሞተሩን ነቅለው ሲወስዱ፣ ሻሲው ነፍስ እንደተለየው ሥጋ ይቀር ነበር። ለዚህ ሥጋ አዲስ ነፍስ የሆነው የትራያምፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር፣ ይልቁንም በ1959 የወጣው ባለ 650 ሲሲው ቦንቪል ነው።

ሥራው ታዲያ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የሞተሩ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከሻሲው ጋር ስለማይገጥሙ፣ ባለሙያው ከወፍራም አሉሚኒየም ሳህኖች ቆርጦ፣ ጠርዛቸውን በሞረድ አለስልሶ፣ ደጋግሞ ለክቶ ይበሳቸዋል፤ ቀጥሎም የካምቢዮው ጥርስ ከኋላው ጎማ ጥርስ ጋር በአንድ መስመር መዋሉን ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ ይመረምራል፤ ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ካቴናው ጥርሱን ይበላዋልና።

ከሁለቱ ፋብሪካዎች አንዱም ትራይተን ሠርቶ አልሸጠም፤ በየጋራዡ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ የተሠሩ ናቸው።