የፋብሪካ ስህተት ወይስ የመዶሻ ሥራ?

አያታችን እማማ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ቤታቸው ሲለቁ፣ ዕቃ ለማሸግ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ወጣ፤ ሙሉ ሳንቲም ነው። ከመካከላቸው አንዱ አሥር ሳንቲም ጠርዙ የተገመጠ ብስኩት ይመስላል።

«እሱን የታክሲ ረዳት ‘ተቆርጧል፣ አልቀበልም’ ብሎ መልሶልኝ ነው» አሉ እማማ። «ሌላ ሳንቲም አልያዝኩም ነበርና አስወረደኝ። እኔ አልቆረጥኩት፤ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

ታናሽ ወንድሜ ግን ዓይኑ በራ። «ስህተት ያለበት ሳንቲም» እየተባለ በስልክ የሚሻሻጠውን ያውቃል። እንዲያውም ከሳምንት በፊት ለእማማ አዲስ ቤት መጋረጃ ካዋጣነው ገንዘብ 6,000 ብር አውጥቶ አንድ ሃያ አምስት ሳንቲም ገዝቶ ኖሯል። የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፤ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ምን ያህል ዕቃ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ሁለቱን ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ማጣራት ጀመርኩ።

ሳንቲም እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ከረጅም የብረት ዝርግ ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ክቦች ይቆረጣሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ክብ በቀለበት ውስጥ ሆኖ፣ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማተሚያዎች በከባድ ኃይል ይመታል። ምስሉና ጽሑፉ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። እውነተኛ ስህተት የሚባለው እስከዚያች ምት ድረስ የተፈጠረው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በኪስ፣ በመዶሻ፣ በእሳት ወይም በአሲድ የደረሰው ሁሉ ጉዳት ነው።

በቤት የሚደረግ ምርመራ

አጉሊ መነጽርና ተመሳሳይ ዓመት የተጻፈበት ደህና ሳንቲም ይያዙ። ከዚያ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

*መስመር፦* ማተሚያው ሲሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ እንደ ፀጉር ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው።

*የጎደለ ጠርዝ፦* ክቡ ሲቆረጥ መቁረጫው ቀድሞ የተበሳውን ቦታ ከነካ ሳንቲሙ ተገምጦ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ብዙ ጊዜ ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝም ደብዘዝ ይላል፤ ፊደሎቹም ወደ ጉድለቱ ሳብ ያሉ ይመስላሉ። በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠው ግን የመሣሪያው ፋግ ይታይበታል፤ ሌላው ጠርዙም ምንም አልሆነም።

*የተገለበጠ ምስል፦* አንዳንዴ የታተመ ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀጣዩ ክብ ሲመታ የተጣበቀው ሳንቲም ምስል በመስተዋት እንደሚታየው ተገልብጦና ጎድጉዶ ያርፍበታል። ሁለት ሳንቲሞችን በሞርሳ ጨምቆ ይህን የሚመስል ነገር መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ሲጨመቅ የቀድሞው ምስል ከሥር ይታያል፤ ጀርባውም ይዳምጣል። ስለዚህ ሻጩን ሁልጊዜ «ጀርባውን አሳየኝ» ይበሉት።

ስህተት የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

1969 ዓ.ም. የተጻፈባቸው አሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲሞች ማግኔት አይስባቸውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡት ግን ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ይሳባሉ። ይህ የሥሪት ለውጥ ነው። በ1969ኞቹ ላይ የአንበሳው የአገጭ ፀጉር በሳንቲሞቹ መካከል መለያየቱም እንዲሁ ነው፤ የተለያዩ ማተሚያዎች ሥራ ነው።

በጣም የሚያሳስተው ደግሞ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው፣ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሸንተረር ስላለው ሰው የቆራረጠው ይመስላል። በእርግጥ መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነበር። ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር በመጠን ስለሚቀራረብና ስላምታታ ተሰብስቦ ጠርዙ እንዲለይ ተደረገ። ስህተትም ጉዳትም አይደለም፤ መፍትሔ ነበር።

የእኛ ሁለት ሳንቲሞች

የወንድሜ ሃያ አምስት ሳንቲም እጃቸውን ከፍ ያደረጉት ወንድና ሴት ባሉበት ገጽ ላይ የተገለበጠ አንበሳ አለው። ነገር ግን ከአንበሳው ሥር የሰዎቹ ክንድ ይታያል። አዙረን ስናየው የዋናው አንበሳ አፍንጫ ተዳምጧል፤ የሞርሳ ሥራ ነው። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ወንድሜ ከደመወዙ በየወሩ እየከፈለ መጋረጃውን ሊገዛ ተስማምቷል።

የእማማ አሥር ሳንቲም ከደህናው ሳንቲም ጋር ሲመዘን ቀለል ይላል፤ ከግምጫው ትይዩ ያለው ጠርዝ ደብዛዛ ነው፤ የሞረድ ፋግ የለበትም። ሲወለድም እንዲሁ ነበር። ቤት አያሠራም፤ ቢሆንም እንዳይታጠብና እንዳይወለወል ብለን በወረቀት ጠቅልለን አስቀመጥነው። አሮጌ ሳንቲም በሎሚና በአመድ ሲፈተግ ያምራል፤ ግን መመርመሪያ የሚሆነው ገጽታው አብሮ ይጠፋል።

ውጤቱን ለእማማ ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ።

«ታዲያ ያን ቀን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ በእግሬ የመጣሁት» አሉ፣ «ፋብሪካው በሠራው ጥፋት ነዋ!»