«የምን ዶክተር ትሆናለህ?» ስለ ስፔሻሊቲ ምርጫ ተረትና እውነታ

«ተማሪው አታችመንት (የዋርድ ልምምድ) ሲወጣ የወደደውን ይመርጣል» የሚለው እምነት ግማሹ እውነት ነው። በኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪ ዋርድ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በአራት ክፍሎች ነው፦ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እና በማህፀንና ጽንስ። የኢንተርንነት ዓመቱም በአብዛኛው በእነዚሁ መካከል ሲዞር ያልቃል። ለአእምሮ፣ ለዓይን፣ ለቆዳ፣ ለራዲዮሎጂና ለማደንዘዣ የሚተርፉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ፓቶሎጂ ደግሞ ከዋርድ በፊት በነበሩት ዓመታት ተፈትነውት የሚያልፉት ትምህርት እንጂ ሰው የሚኖርበት ሙያ ሆኖ አይታይም። ተማሪው የሚመርጠው እንግዲህ ካለው ሁሉ ሳይሆን ካየው ነው።

ያየውም ቢሆን ተጣርቶ የደረሰው ነው። በሰሜን ወሎ፣ ሐራ ከተማ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው፤ ካልሆነ መርሳ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ይደርሳል፤ እዚያም ካልተቻለ ለደሴ ሪፈር ይጻፍለታል። በአገሪቱ የጤና መዋቅር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል አልጋ ላይ የሚታየው ውስብስብና ብርቅ ሕመም ከዚህ ሁሉ ወንፊት በኋላ የቀረው ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም የዘወትር ሥራ ግን የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ነው፤ ያንኑ ሰው በየቀጠሮው ዓመታትን ማየት። ራውንድ ላይ በሚያስደንቅ ኬዝ ተማርኮ የገባ ሰው ተመላላሽ ክፍሉ ሊሰለቸው ይችላል።

ከወንፊቱ በፊት ያለውን ለተማሪ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ትንንሽ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይልክ የነበረው ሕዝብ ለማገልገልና እነሱን ለማሠልጠን ነበር። ልምዱ ሳይታሰብ የሙያ ምርጫንም ይረዳል፤ ሙያው ከማስተማሪያ ሆስፒታል አጥር ውጭ ምን እንደሚመስል ያሳያልና። ክረምት ለዕረፍት ወደ ሐራ የተመለሰ ተማሪም አስፈቅዶ ወልድያ ሆስፒታል ማደንዘዣ ክፍል አንድ ሳምንት ቢቆም፣ አታችመንቱ ያላሳየውን ሊያይ ይችላል።

ሌላው ስሕተት ሲኒየሩን መውደድና ሙያውን መውደድ አንድ ሲመስሉ የሚመጣው ነው። ምናልባትም ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። ደግ መምህር ያለበት ክፍል ጥሩ ክፍል ይመስላል፤ ተቆጪ ያለበት ደግሞ በአንድ ወር ይጠላል። መምህሩ ግን ተማሪውን ተከትሎት አይሄድም፤ ዱቲው ነው የሚከተለው። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ ምን እንደሚሠራ ማየት ከትልቁ ራውንድ ይበልጥ ይናገራል።

«ትልልቆቹ ሐኪሞች ያውቁታል፣ እነሱን መጠየቅ ይበቃል» የሚባለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ የተጀመረው በ1995፣ የድንገተኛ ሕክምና በ2003፣ የቤተሰብ ሕክምና በ2005 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የመረጠ ሐኪም እነዚህ በአገር ውስጥ አልቀረቡለትም። «ሳይካትሪ የሚገባው ሌላ ያልደረሰው ነው» የሚለው ንቀትም የተረፈው ከዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

«ቀዶ ሕክምና የወንድ ነው» የሚለው በጉልበት ይመካኛል። በ1951 ዓ.ም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሐኪም ካትሪን ሐምሊን ግን ሕይወታቸውን ሙሉ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ሲሠሩ ኖረዋል፤ በእርጅናቸውም ቢላውን አላስቀመጡም። ሴት ሬዚደንትን የሚያስቸግራት የእጇ ጉልበት ሳይሆን እርግዝናና ልጅ ያላገናዘበ የዱቲ ፕሮግራም ነው፤ ይህም በፕሮግራም የሚስተካከል ነገር ነው።

ሰፈር ውስጥ «የምን ዶክተር ነው?» ተብሎ «ጠቅላላ ሐኪም» ሲባል ጠያቂው ዝም ይላል፤ ገና ያልጨረሰ ሰው ይመስለዋል። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ግን የዕለቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከመው እሱው ነው፣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናውን ከሚሠሩት «ኢሶ» ከሚባሉት ባለሙያዎች ጋር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተመራቂዎቿን ስፔሻሊቲ ከመምረጣቸው በፊት ለሁለት ዓመት በየክፍሉ ታዞራለች። የጠቅላላ ሐኪምነት ዓመታት ለኢትዮጵያዊው ሐኪም ይህንኑ ዕድል ሳይታቀድ ይሰጡታል።

«የሚመርጠው ውጤት ነው» ለሚሉት፣ የስፔሻሊቲ ፈተና ውጤት በእርግጥ ይወስናል። ሆኖም አመልካቹ ስፔሻሊቲውንና ዩኒቨርሲቲውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ይሞላሉ፤ አመልካቹ ግን እነሱ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሲሞሉ ዓመቱንና ቀጣዩን መንገድ ማሰብም ያስፈልጋል፦ ውስጥ ደዌና ሕፃናት 3 ዓመት ሲወስዱ የነርቭ ቀዶ ሕክምና 5 ዓመት ይወስዳል። ከውስጥ ደዌ በኋላ ወደ ልብ፣ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ጨጓራና አንጀት ሕክምና መግባት ይቻላል። ቆዳና ራዲዮሎጂ ግን የራሳቸው በር ስላላቸው፣ ያንን የፈለገ ሐኪም ከመጀመሪያው ለይቶ መሙላት አለበት።