የተራራ አምላክ ወይስ የሜዳ? የጥንት ዕብራውያን ስለ አምላክ ኃይል የነበራቸው አሳብ

በመጽሐፈ ነገሥት አንድ የጦር ምክር ተጽፎ ይገኛል። የሶርያው ንጉሥ ወልደ አዴር በሰማርያ ድል ከተመታ በኋላ ሹማምንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ የእስራኤል አምላክ የተራራ አምላክ ስለ ሆነ ነው፣ በሜዳ ብንገጥማቸው ግን እናሸንፋለን አሉት። በዓመቱ በአፌቅ ሜዳ ተዋጉ፤ ዳግመኛም ተሸነፉ።

እነዚህን አማካሪዎች ሞኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የአምባሰልን ገደል እያየ ያደገ ተማሪ ግን እንዲህ በቶሎ አይስቅባቸውም። ደብር በግዕዝ ተራራ ነው፤ ብዙው አድባር ይባላል። ይኸው አድባር ወደ አማርኛ ሲገባ የአገር ጠባቂ ሆነ፤ በትልቅ ዛፍ ሥር ቡና የሚፈላለት፣ ከብቱንና አዝመራውን ጠብቅልን የሚባለው እርሱ ነው። የአንዱ መንደር አድባር በሌላው መንደር ላይ ሥልጣን የለውም። የወልደ አዴር ሹማምንት የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያ ዘመን በነበሩት ብዙ አሕዛብ ዘንድ የአምላክ ኃይል ድንበር ነበረው።

ዕብራውያንም ራሳቸው ከዚህ አሳብ ውጭ ሆነው አልተነሡም። ኤል የሚለው ቃል አምላክ ማለት ሲሆን፣ ላባ ያዕቆብን ክፉ ላደርግብህ እችል ነበር ባለው ጊዜ የተጠቀመበት ቃል ይኸው ኤል ነው፤ በዚያ ስፍራ ትርጉሙ ጉልበት፣ ችሎታ ማለት ብቻ ነው። ኤልሻዳይ የሚለውን ስም ደግሞ አንዳንድ ሊቃውንት ከአካድኛው ሻዱ፣ ማለትም ከተራራ ጋር ያገናኙታል። ይህ እውነት ከሆነ ሶርያውያኑ ፈጽመው አልተሳሳቱም ነበር ማለት ነው! የግሪክ ተርጓሚዎች ግን በተለይ በመጽሐፈ ኢዮብ ይህን ስም ሁሉን ገዢ አሉት። ይኸው የግሪክ ቃል በእኛ የሃይማኖት ጸሎት አኃዜ ኵሉ፣ ሁሉን የያዘ ተብሏል። በአንድ ስም ታሪክ ውስጥ ተራራው ዓለምን እስኪያህል ሲሰፋ እናያለን።

ጸባኦት የሚለውንም እንመልከት። ቃሉ ሠራዊት ማለት ነው፤ ግዕዙ ጸብአ፣ ተዋጋ፣ አማርኛውም ጸብ ከዚሁ ሥር ናቸው። ክብር የምንለው በዕብራይስጥ ካቦድ ነው፤ የእኛ ከባድ የሚለው ቃል ወንድሙ ነው። የአምላክ ክብር ለዕብራዊ ብልጭልጭታ ብቻ ሳይሆን ክብደት ጭምር ነበር። እግዚአብሔር የሚለው የግዕዝ ስም ደግሞ የብሔር ጌታ ማለት ነው፤ ብሔር በግዕዝ አገርም ምድርም ዓለምም ይሆናልና፣ በዛሬው የፖለቲካ ትርጉም የሚያነበው ሰው ወደ ወልደ አዴር ምክር ይመለሳል።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ኃይል በሰው እጅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። በጥንቱ ዓለም ስምን ማወቅ ባለስሙን መያዝ ነው። ያዕቆብ በያቦቅ ወንዝ ሌሊቱን ሲታገለው ያደረውን ስሙን ቢጠይቀው አልነገረውም፤ ባረከው እንጂ። ሙሴም ስም ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ መኖር ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ለመያዝ የማይመች ነገር ነው። በስም በከንቱ መጥራት የተከለከለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በአገራችን ኤልሻዳይና አዶናይ በብራና ክታብ ተጽፈው በአንገት ሲንጠለጠሉ እናያለን፤ አስማት የሚለው ቃል ራሱ የስም ብዙ ነው። ስሞቹ የዕብራውያን ቢሆኑም፣ አሳቡ የዘፀአት መጽሐፍ እንቢ ያለው አሳብ ይመስለኛል።

የታቦቱ ታሪክ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን በተመቱ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ታቦቱን እንደ ጦር መሣሪያ ወደ ሰፈር አመጡት። ሠራዊቱ ምድሪቱ እስክትናወጥ እልል አለ። ውጤቱ የባሰ ሽንፈት ነው፤ ታቦቱ ተማረከ፣ የዔሊ ሁለቱ ልጆች ሞቱ። በጠላት አገር ግን ያለ አንድ ወታደር የዳጎን ጣዖት በፊቱ ወደቀ። ቆይቶም በሬዎቹ ሲደናቀፉ ታቦቱን ለመደገፍ እጁን የዘረጋው ዖዛ በዚያው ቀረ። ይህ ታሪክ ዘመናዊውን አንባቢ ያስቆጣል፤ ዖዛ ምን በደለ ያሰኛል። ጸሐፊው ለማስረዳት አልደከመም፤ ዳዊት ራሱ መቆጣቱንና መፍራቱን ግን አልደበቀም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ባቃጠለ ጊዜ ነው። በዘመኑ አስተሳሰብ ማርዱክ አሸነፈ፣ የእስራኤል አምላክ ተሸነፈ ማለት ነበር። ነቢያቱ ግን ከተማይቱን አሳልፎ የሰጠ እርሱ ራሱ ነው አሉ፤ ስሙን የማያውቀውን የፋርስ ንጉሥ ቂሮስንም መሲሕ ብለው ጠሩት። ከዚህ ወዲያ ድል የኃይል መለኪያ መሆኑ ቀረ። ይህ አሳብ በወሎ ምድር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታሪክ ተማሪ ያውቃል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ቤት ያደረጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ግሸንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1540 ተያዘ። አሸናፊውም ተሸናፊውም የአብርሃምን አምላክ ይጠራ ነበር።

በባቢሎናውያን ተረት ማርዱክ ዓለምን የሠራው የባሕርን አውሬ ቲያማትን ገድሎ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ጥልቁ ውሃ አለ፣ ጦርነት ግን የለም፤ ቃል ብቻ በቃ። ዕብራይስጡ ዳባር፣ ልክ እንደ እኛ ነገር፣ የሚነገረውም የሚሆነውም ነው። ኤርምያስ ደግሞ ባሕሩን የሚያግደው አሸዋ መሆኑን ያሳያል፤ ማዕበሉ ይጮኻል፣ አሸዋውን ግን አያልፍም። ሐይቅ በግዕዝ የውሃው ስም አይደለም፤ ያ ዳርቻ ነው።