ቅጹ ከተላከ በኋላ፦ የጃቫ ሰርቭሌት አሠራር

ሰርቭሌት በሰርቨር ላይ ሆኖ ከብራውዘር የሚመጣን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚያዘጋጅ የጃቫ ክላስ ነው። የመጀመሪያውን መመዘኛ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1997 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከዚያ በፊት የተለመደው ሲጂአይ የተባለው ዘዴ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አዲስ ፕሮግራም ስለሚያስነሣ ተጠቃሚ ሲበዛ ሰርቨሩ ይጨናነቅ ነበር። ሰርቭሌት ግን አንዴ ከተነሣ ሚሞሪ ላይ ይቆያል፤ ለየጥያቄው የሚያስፈልገው አንድ ትሬድ (የሥራ ክር) ብቻ ነው።

ሰርቭሌት ያለ ኮንቴይነር፣ ማለትም ይዞ ከሚያስኬደው ፕሮግራም ውጭ፣ አይሠራም። ከኮንቴይነሮች ስመ ጥሩ ቶምካት ሲሆን፣ ሰን ኮዱን ለአፓቼ ያስረከበው በ1999 ነው። ኮንቴይነሩ የኤችቲቲፒውን መልእክት ይተነትናል፤ አድራሻውን አይቶ ጉዳዩ የሚመለከተውን ክላስ ይለያል። ክላሱን በ«ኢኒት» አንድ ጊዜ ካሰናዳ በኋላ፣ ገጽ ለማየት የመጣውን ጥያቄ ወደ «ዱጌት»፣ ተሞልቶ የተላከውን ቅጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ «ዱፖስት» ይመራል። አገልግሎቱ ሲያበቃ «ዲስትሮይ»ን ይጠራል።

በአትላንታ አቅራቢያ በምትገኘው ትንሽ ከተማ በፓይን ሌክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ ስሙን «አበበ» ብሎ ሞልቶ ላከ እንበል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ 9 ባይት ሆኖ ይደርሳል። ብራውዘሮች የፊደሉን ኮድ ብዙ ጊዜ ስለማይገልጹ፣ በነባሩ መመዘኛ መሠረት ኮንቴይነሩ ባይቶቹን በአይኤስኦ-8859-1 ያነብባቸዋል፤ ይህ ኮድ ለአንድ ባይት አንድ ምልክት ስለሚሰጥ 3ቱ ፊደላት 9 ትርጉም አልባ ምልክቶች ይሆናሉ። መፍትሔው ዩቲኤፍ-8ን የሚያዝ አንድ መስመር ኮድ ነው። መስመሩ ከቅጹ ምንም ነገር ሳይነበብ መቅደም አለበት፤ ከተነበበ በኋላ ቢጻፍ ዋጋ የለውም። በመልሱ በኩልም ኮዱ ካልተገለጸ የአማርኛው ጽሑፍ ገጹ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ሌላው ጥንቃቄ ከትሬዶች ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ትሬዶች የሚሠሩት በአንድ የሰርቭሌት ኦብጀክት ላይ ስለሆነ፣ ስሙ በክላሱ የጋራ ተለዋዋጭ ላይ ቢቀመጥ በዚያው ቅጽበት የገባች አልማዝ የተባለች ሌላ ተጠቃሚ ስም በአበበ ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ጥያቄ መረጃ በሜተዱ ውስጥ፣ ከገጽ ገጽ መሻገር ያለበት ደግሞ የየተጠቃሚውን መረጃ በሚያቆየው ሴሽን ይያዛል።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት የዚሁ የሰርቭሌት አሠራር ውጤት ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በጃቫ የተሠራው ይህ ሥርዓት እንደ ቶምካት ባለ ኮንቴይነር ላይ ይጫናል፤ ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ወር ያለውን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ይደግፋል።

ዛሬ ብዙ ፕሮግራመሮች ሰርቭሌትን በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ ስፕሪንግ በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ ይሠራሉ። በተለመደው የስፕሪንግ ድረ ገጽ ውስጥም ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው አንድ ሰርቭሌት ነው። የሰርቭሌት መመዘኛ ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ከተዛወረ ወዲህ የጥቅሎቹ ስም በ2020 ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ስለተለወጠ፣ ለቶምካት 9 የተጻፈ ፕሮግራም በቶምካት 10 ላይ እንዲሠራ ስሞቹ መስተካከል አለባቸው።