የኩሬው ውሃ ስንት ቀን ያዘልቃል?

ዝናብ ሲያቆም የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያለው ውሃ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ነው። መልሱን በዓይን ግምት መስጠት አደገኛ ነው፤ የውሃ ቦቴ የሚታዘዝበት ቀን የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነውና። ለመለካት ሜትር፣ ገመድና ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ይበቃል።

አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፦ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ይሞላል።

ባለ አራት ማዕዘን ገንዳ፦ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያም በውሃው ጥልቀት አባዙ።

ክብ ታንከር፦ ዙሪያውን በገመድ ለክታችሁ ለ3.14 ብታካፍሉ የመሐል ስፋቱን ታገኛላችሁ። ግንብ ከሆነ የግድግዳውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንሱ። የቀረውን ግማሽ በራሱ፣ ቀጥሎ በ3.14፣ በመጨረሻም በጥልቀቱ አባዙ። የመሐል ስፋቱ 4፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን፦ 2 × 2 × 3.14 × 2 = 25.12 ሜትር ኩብ። ከቧንቧው በታች ያለው ውሃ ስለማይቀዳ ጥልቀቱን ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ለኩ።

የተቆፈረ ኩሬ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኩሬ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ላዩ 20 በ20፣ ታቹ 8 በ8፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ የላዩን ስፋት ብቻ በጥልቀቱ ያባዛ ሰው 1,200 ሜትር ኩብ ይላል። ትክክለኛው ስሌት የላዩን ስፋት (400)፣ የታቹን (64) እና የመካከሉን አራት እጥፍ (14 × 14 × 4 = 784) ደምሮ ለ6 ማካፈል፣ ከዚያም በጥልቀቱ ማባዛት ነው፦ 1,248 ÷ 6 × 3 = 624 ሜትር ኩብ።

እንጨቱ ደለል ውስጥ እንዳይሰጥም ከጫፉ ጠፍጣፋ ጣውላ ምቱበት። የኩሬውን ወለል በብዙ ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ወደ ውሃው የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርና ሌላ ሰው ይያዝለት።

አሁን ቀኑን እናስላ። በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይታሰባል፤ ለ500 ሰው 7.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ፀሐይ በቀን 6 ሚሊሜትር ብታተን ከ400 ካሬ ሜትር ላይ 2.4 ሜትር ኩብ ይጠፋል። ድምሩ 9.9 ነው፤ ውሃው 63 ቀን ገደማ ያዘልቃል። በተሳሳተው ስሌት፣ ትነቱም ተረስቶ፣ 160 ቀን ይመስል ነበር። ከብት የሚጠጣውና ወደ መሬት የሚሰርገው ሲታከል ቀኑ ከ63ም ያጥራል።

ስለዚህ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ያለበት እንጨት በኩሬው ውስጥ ትከሉ፤ በየሳምንቱም ከፍታውን መዝግቡ። ውሃው ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ከወረደ፣ ሳይውል ሳያድር የሚሰርግበትን ቦታ ፈልጉ።