የራስ ዊኪ እንዴት ይጻፋል? እንዴትስ ይጠበቃል?

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ተመራቂው ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ ደብተሩን ጥሎ ይሄዳል። ሦስትና አራት ዓመት የተለፋበት ማስታወሻ በማግሥቱ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እናገኘዋለን። በስልክ የተጻፈውም ቢሆን ከስልኩ ጋር ይሰረቃል። ከእኛ ቀጥሎ ያንኑ ትምህርት የሚጀምሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያንኑ ድካም እንደገና ከሀ ብለው ይጀምሩታል። ይህን ከሚያስቀሩት መንገዶች አንዱ የራስ ዊኪ ስለሆነ፥ ስለ እርሱ ጥቂት ለመግለጽ እወዳለሁ።

ለመሆኑ ዊኪ ምንድር ነው? ቃሉ ከሐዋይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፈጣን ማለት ነው። ዋርድ ካኒንገም የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1995 አንባቢው ራሱ ገጹን እዚያው የሚያርምበትን የመጀመሪያውን ዊኪ በኢንተርኔት ላይ አቆመ። ስሙንም ያገኘው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ከሚያመላልሰው ዊኪ ዊኪ ከተባለው አውቶቡስ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ዊኪፒዲያ በ2001 ተከተለ። የራስ ዊኪ የሚለየው ጸሐፊው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ነው፤ ማንበብ ግን ለሁሉም ሊፈቀድ ይችላል።

ደብተር በቀን ተራ ይጻፋል፤ ዊኪ ግን በነገር ይከፈላል። ለአንድ ነገር አንድ ገጽ ይሰጣል። የጤፍ ገጽ አፈርን ካነሣ ወደ አፈር ገጽ በሊንክ ይመራል፤ የአፈር ገጽም ወደ ናይትሮጅን። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን ያለ ኮምፒዩተር፥ በወረቀት ቁራጭ ብቻ፥ ይህንኑ ይሠራ ነበር። 90,000 ያህል ቁራጮቹ ቁጥር እየተሰጣቸው አንዱ ወደ ሌላው ያመለክቱ ነበር።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጄረሚ ራስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ2004 ያወጣው ቲድሊዊኪ መላውን ዊኪ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚይዝ በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል። ሌላው መንገድ ገጾቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል በአንድ ፎልደር አኑሮ፥ ወደ ድረ ገጽ በሚለውጥ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ማውጣት ነው። እኔ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ተራ ጽሑፍ በማንኛውም ኮምፒዩተር ይከፈታልና። የሌላ ሰው አገልግሎት ግን የኪራይ ቤት ነው። ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስን በአሜሪካ ሲዘጋ ዋናውን በእጃቸው ያላስቀሩ ብዙዎች ገጻቸው ጠፍቶባቸዋል።

አሁን ወደ እኛ ችግር ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት «ኃይል» የሚል ገጽ ከፍቼ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሌላ ገጽ ላይ ሊንኩን «ሀይል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፕሮግራሙም እንዲህ ያለ ገጽ የለም ብሎ አዲስ ከፈተልኝ። በሌላ ቀን ደግሞ «ሐይል» አልሁ። በዓመቱ ስመለከት ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሦስት ገጾች አሉኝ፤ አንዱም ያለበት ስሕተት በሌላው ታርሟል። የትኛውን ስንቱ አንብቦ እንደሄደ እግዜር ይወቅ! ለእኛ ጆሮ ሀ፥ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሦስት ፊደሎች ናቸው። ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንዲሁ። (ስለ ፊደል መቀነስ የሚከራከሩት ወገኖች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?) ስለዚህ ገና ሲጀመር አንድ አጻጻፍ መርጦ፥ የርእሶቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ለአንድ ገጽ ሌላ ስም መስጠት የሚፈቅድ እንደሆነም የቀሩትን አጻጻፎች እዚያ ማስገባት ነው። «የኃይል»፥ «በኃይል»፥ «ኃይሉን» ስንል ደግሞ ቃሉ ስለሚለወጥ፥ በሊንኩ ውስጥ የገጹን ርእስና ለአንባቢ የሚታየውን ቃል ለየብቻ መጻፍ አለብን።

የቀረው አረም ማረም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። የተሳሳተውን ገጽ በስውር ከመሰረዝ ይልቅ መቼ እንደታረመ ጽፎ ማረም ይሻላል፤ ያለፈው ዓመት አንባቢ በስሕተቱ ተማምኖ ይሆናልና። ወደ ሌሎች ድረ ገጾች የሚወስድ ሊንክ ስለሚሞት፥ ያነበብነውን ፍሬ ነገር በራሳችን ቃል ከቀኑ ጋር እንጻፍ። የመምህሩን የማስተማሪያ ወረቀት ያለ ፈቃዱ፥ የጓደኛን ስምና ስልክ ቁጥር ደግሞ ፈጽሞ አናውጣ። አንዴ የወጣውን ሌላው ሰው ገልብጦ ሊያስቀረው ይችላል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፥ ጽሑፉን በኢንተርኔት ብቻ ያኖረ ሰው የገዛ ማስታወሻውን ማንበብ አልቻለም። አንዱ ቅጂ በኮምፒዩተራችሁ፥ አንዱ በፍላሽ፥ ሦስተኛው በሌላ ሰፈር ከሚኖር ወዳጅ ዘንድ ይቀመጥ።